የሞቼ ሸክላዎች፦ በላያቸው የተሣለው ሥርዓት በእውን ተፈጽሞ ነበር?

ጠያቂው በአንድ ሙዚየም ውስጥ ከጥንታዊቷ ፔሩ የመጡ የሞቼ ሸክላዎችን አይተዋል። አንዱ ሕያው የሚመስል የሰው ፊት ነው፤ ሁለተኛው አንገቱ ላይ ገመድ የገባበት ራቁት ምርኮኛ ነው፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ በቀጭን ቀይ መስመር የምርኮኞች አንገት ሲታረድና ለአንድ ታላቅ ሰው ጽዋ ሲቀርብ ይታያል። ጥያቄያቸው ሦስት ነው። እነዚህ ዕቃዎች ይጠጣባቸው ነበር ወይስ ለጌጥ የተሠሩ ናቸው? ፊቶቹ የእውነተኛ ሰዎች ናቸው? ጽሕፈት ያልነበረው ሕዝብ የሣለውንስ ነገር ትርጉም በምን ማወቅ ይቻላል?

የሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ በሦስተኛው ላይ ስለሚንጠለጠል ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው። ዋናውን ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ የሞቼ ሸክላ ሥርዓትን የሚያሳይ ሥዕል የተሸከመ ብቻ አልነበረም፤ ራሱም ወደ ሥርዓቱ የሚገባ ዕቃ ነበር። በላዩ ከተሣለው ውስጥ ዋናው ክፍል በሰዎች እጅ በእውን እንደተፈጸመ የሚመሰክሩልን ደግሞ መቃብሮቹና በቤተ መቅደሶቹ ግቢ የተገኙት አጥንቶች ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞቼ የምንላቸው ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ100 እስከ 800 ዓመት ገደማ በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ ኖረዋል። አገሩ ዝናብ የማይጥልበት በረሃ ነው፤ ሕይወት ያለው ከአንዲስ ተራሮች ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ በሚወርዱት ወንዞች ሸለቆ ውስጥ ብቻ ነው። በቦይ እያጠጡ በቆሎ፣ ባቄላና ጥጥ ያመርቱ ነበር። ዛሬ ትሩሒዮ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከጭቃ ጡብ የሠሯቸው ሁለት ግዙፍ ግንቦች፣ ዋካ ዴል ሶል እና ዋካ ዴ ላ ሉና፣ እስከ አሁን ቆመዋል። አንድ ንጉሥ የሚገዛው አንድ ግዛት ነበሩ የሚለው የቀድሞው አስተያየት አሁን ተከታዩ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን በየሸለቆው የራሳቸው ገዥ ያላቸው፣ በሃይማኖትና በሥነ ጥበብ ግን የተሳሰሩ ማኅበረሰቦች እንደነበሩ እናምናለን። በሸለቆ የተለያዩትን እነዚህን ሰዎች ካስተሳሰሩት ነገሮች አንዱ ሸክላው ነው።

በአንዲስ አገሮች የሸክላ መሥሪያ መሽከርከሪያ አልነበረም። የሞቼ ሸክላ ሠሪ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ምስል ከድፍን ሸክላ ይቀርጻል፤ በዚያ ላይ ሌላ ሸክላ ለጥፎ ለሁለት ከከፈለ በኋላ ክፋዮቹን ተኩሶ ቅርጽ ማውጫ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሸክላ በሁለቱ ክፋዮች ውስጥ እየተጫነ፣ ግማሾቹ እየተጋጠሙ አንዱ ምስል ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ዕቃዎች ግን መንትያ ሆነው አይቀሩም፤ ሠሪው ለአንዱ የጆሮ ጌጥ ይጨምራል፣ የሌላውን ፊት በተለየ ቀለም ይቀባል። ቅቡ በውሃ የቀጠነ ሸክላ ሲሆን ቀለሞቹ በአብዛኛው ነጣ ያለ ክሬምና ቀይ ቡናማ ናቸው። ዕቃው ላዩ በጠጠር ታሽቶ ከለሰለሰ በኋላ አየር በሚገባው እሳት ይተኮሳል፤ ቀይ ሆኖ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ከሞቼ በኋላ በዚያው ጠረፍ የተነሡት ቺሙዎች ተቃራኒውን መንገድ መርጠዋል፤ እሳቱን ከአየር እያፈኑ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሸክላ ያወጡ ነበር።

ጠያቂው ያዩት በሸክላው አናት ላይ የሚቆመው አንገት የእርካብ ቅርጽ አለው። ሁለት ቱቦዎች ከዕቃው አካል ተነሥተው በቅስት ይገናኙና ከመገናኛቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ አፍ ይወጣል። ይህ ቅርጽ ከሞቼ የጀመረ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ዘመናት የኩፒስኒኬ ሸክላ ሠሪዎች በዚያው ጠረፍ ላይ ይሠሩት ነበር። የፔሩ ተመራማሪ ራፋኤል ላርኮ የዚህን አንገት መለዋወጥ እየተከተለ በ1948 ሞቼን በአምስት ደረጃዎች ከፈለ፤ ቤተሰቡ በሰሜናዊው ጠረፍ ያሰባሰበው ክምችትም ዛሬ በሊማ ላርኮ ሙዚየም ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሸክላዎችን ይዟል። የላርኮ ክፍፍል በደቡቦቹ ሸለቆዎች አሁንም ያገለግላል፤ በሰሜኖቹ ግን ሸክላው የራሱን ሌላ መንገድ እንደተከተለ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ቁፋሮዎች አሳይተዋል።

ይጠጣባቸው ነበር ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቤት ዕቃ አልነበረም። በየቤቱ ፍርስራሽ የሚገኘው ማብሰያና ማስቀመጫ ሸክላ ወፍራምና ያልተጌጠ ነው። ያማሩት ጠርሙሶች ውስጣቸው ባዶ፣ አፋቸው ጠባብ፣ ፈሳሽ የሚይዙ ናቸው፤ የአንዲስ ሕዝቦች በየበዓሉ የሚያቀርቡት ቺቻ ደግሞ ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቅ፣ አሠራሩ ከእኛ ጠላ የማይርቅ መጠጥ ነው። ከመቃብር ከወጡት ጠርሙሶች ብዙዎቹ የመፋተግና የመሸረፍ ምልክት ስላለባቸው ከመቀበራቸው በፊት በሕያዋን እጅ እንደቆዩ እንረዳለን። በሌላ በኩል በጥድፊያ የተሠሩ፣ ለመቃብር ብቻ የታሰቡ የሚመስሉም አሉ። በላምባዬኬ ሸለቆ ባለው የሞቼ መቃብር ቦታ በሲፓን፣ በአንድ የመሥዋዕት ክፍል ውስጥ ከ1,000 በላይ ተራ ሸክላዎች ተገኝተዋል፤ ከነዚህም መካከል ሙዚቀኞችን፣ ተዋጊዎችንና ምርኮኞችን የሚያሳዩት በአንድ ትልቅ ሰው ዙሪያ የተሰበሰቡ ሆነው ተደርድረው ነበር። ይህ አደራደር ለእኔ ከብዙዎቹ ምርጥ ጠርሙሶች ይልቅ ይናገራል፤ ሸክላዎቹን ያስቀመጠው ሰው በእነሱ ሥርዓቱን እየደገመ ነበርና።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ ልግባ። በቀጭን መስመር የሚሣለው ሥዕል በክብ ጠርሙስ ዙሪያ ስለሚጠመጠም ከየትም አቅጣጫ ቆመው ሙሉውን ማየት አይቻልም። ሠዓሊዋ ዶና ማክሌላንድ ለብዙ አሥርት ዓመታት እነዚህን ሥዕሎች በወረቀት ላይ ዘርግታ እየገለበጠች ያዘጋጀችው ስብስብ ጥናቱን ከመሠረቱ ለውጦታል፤ ዛሬም በዋሽንግተን ደምባርተን ኦክስ በተባለው የምርምር ተቋም ተጠብቆ ይገኛል። ሥዕሎቹ ተዘርግተው ጎን ለጎን ሲታዩ በመጀመሪያ እይታ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የመሰሉት ትዕይንቶች ወደ ጥቂት የተወሰኑ ሥርዓቶች ይሰበሰባሉ። ተዋጊዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው የተሸነፈውን ጸጉሩን ይይዘዋል፣ ልብሱንና መሣሪያውን ገፍፎ በቆመጡ ላይ ያስራል፣ በአንገቱ ገመድ አግብቶም ይነዳዋል። ሯጮች በእጃቸው ከረጢት ይዘው በበረሃ ይሮጣሉ። አጋዘን በወጥመድ መረብ ይታደናል። ሰው ወደ መቃብር ይወርዳል። ሠዓሊው ከዕለት ኑሮ ያገኘውን ሁሉ አልሣለም፤ እናት እህል ስትፈጭ፣ ገበሬ ቦይ ሲቆፍር የሚታይበትን ትዕይንት ብንፈልግ አናገኝም። ስለዚህ እነዚህን ሥዕሎች የሞቼ የዕለት ኑሮ ፎቶግራፍ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ከሥርዓቶቹ ሁሉ የታወቀው ጠያቂው ያዩት ነው። በ1970ዎቹ የሎስ አንጀለሱ ምሁር ክሪስቶፈር ዶናን ይህን ትዕይንት ከብዙ ዕቃዎች ሰብስቦ በሥርዓቱ የሚሳተፉትን ባለ ማዕረጎች ለየ። አንደኛው ከሁሉ ይገዝፋል፤ ከትከሻውና ከራሱ ጨረር ይወጣል፤ በራሱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጌጥ ያደርጋል፤ ጽዋውንም የሚቀበለው እሱ ነው። ሁለተኛው ግማሹ ሰው ግማሹ ወፍ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ በጉጉት መልክ ይቀርባል። ሦስተኛዋ ረጅም ልብስ የለበሰች፣ ከራስ ጌጧ ሁለት ትልልቅ ዘለላዎች የሚወጡላት፣ ጽዋ የያዘች ሴት ናት። ከእነሱ በታች ወይም በጎን ራቁታቸውን የታሰሩ ምርኮኞች ጉሮሯቸው እየተቆረጠ ደማቸው ይወሰዳል። ትዕይንቱ ጨረርና ወፍ-ሰው ስላለበት ብዙ ተመራማሪዎች ተረት ነው ብለው ያስቡ ነበር፤ የአማልክት ታሪክ ነው እንጂ ሰው የሠራው አይደለም የሚለው አስተያየት በጊዜው ምክንያታዊ ነበር።

በ1987 መጀመሪያ መቃብር ዘራፊዎች በሲፓን ከሚገኘው የጭቃ ጡብ ግንብ ውስጥ የወርቅ ዕቃ ወደሞላበት ክፍል ገብተው ዕቃውን አወጡ። ፖሊስ ወሬውን ሰምቶ የአካባቢውን ሙዚየም ኃላፊ ዋልተር አልቫን ጠራ፤ አልቫም በግንቡ ላይ ሰፍሮ ቁፋሮውን ጀመረ። የደረሰበት ያልተነካ መቃብር ዛሬ የሲፓን ጌታ የሚባለው ሰው ነው። አልቫና ዶናን የሟቹን ጌጣጌጥ አንድ በአንድ ከሥዕሉ ጋር ሲያስተያዩ የግማሽ ጨረቃው የራስ ጌጥ፣ የጀርባው መከላከያ፣ ሻኩራዎቹና በትሩ በሸክላው ላይ ጽዋውን ከሚቀበለው ሰው ጋር ተገጣጠሙ። በቀጣዩ መቃብር የተገኘው ሰው ደግሞ የጉጉት ምስል ያለበት የራስ ጌጥና የመዳብ ጽዋ ይዞ ነበር። ሦስተኛዋ በ1991 ከዚያ ወደ ደቡብ በሄኬቴፔኬ ሸለቆ፣ ሳን ሆሴ ዴ ሞሮ በተባለ ቦታ፣ ዶናንና ሉዊስ ሃይሜ ካስቲዮ በመሩት ቁፋሮ ተገኘች። በብር የተለበጡት የመዳብ ዘለላዎች በመቃብሩ ውስጥ ነበሩ፤ ጽዋውም ከእሷ ጋር ነበር። ከዚያ በኋላም እዚያው የእሷን ማዕረግ የያዙ ሌሎች ሴቶች ተገኝተዋል።

ከእነዚህ መቃብሮች የተማርነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ባለ ማዕረጎች የሚወረሱ ሹመቶች ነበሩ፤ አንዱ ሲሞት ልብሱን እንደለበሰ ይቀበራል፣ ማዕረጉ ግን በሌላ ሰው ይቀጥላል፤ የሲፓንና የሳን ሆሴ ዴ ሞሮ መቃብሮች በብዙ ትውልድ መራራቃቸውም ይህንን ያጠናክራል። ሁለተኛው፣ ሴቶች በዚህ ሥርዓት ውስጥ አጃቢ አልነበሩም። በቺካማ ሸለቆ በኤል ብሩሆ በ2006 ይፋ የሆነችው የካኦ እመቤት የምትባለው ወጣት ሴት ክንዷ ላይ የእባብና የሸረሪት ንቅሳት ያላት፣ የጦር ቆመጦችና የጦር መወርወሪያዎች አብረዋት የተቀበሩ፣ በብዙ ጨርቅ የተጠቀለለች ታላቅ ሰው ነበረች። የሸክላው ሥዕል ስለ ሴት ሥልጣን ሲነግረን ኖሯል፤ የመቃብሩ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ግን ብዙዎቻችን ቃሉን በሙሉ አልተቀበልነውም።

የሥርዓቱ ታላላቆች በዚህ መልኩ ታወቁ፤ የምርኮኞቹ ማስረጃ ደግሞ ከዋካ ዴ ላ ሉና ወጣ። በ1995 ስቲቭ ቡርዤ ከግንቡ በስተኋላ ከዓለት ጋር በተያያዘ አንድ ግቢ ውስጥ ከ70 በላይ ወንዶችን አጥንት አገኘ። የአጥንት ባለሙያው ጆን ቬራኖ ሲመረምራቸው ወጣቶችና ጎልማሶች፣ ጠንካሮች፣ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል በጠብ የተሰበረ አጥንታቸው የዳነ ተዋጊዎች ሆነው ተገኙ፤ የብዙዎቹ የአንገት አጥንት ላይ ጉሮሯቸው በስለት የተቆረጠበት ምልክት ነበር። የተወሰኑት አጥንቶች የተኙት ከባድ ዝናብ ከግንቡ አጥቦ ባወረደው ጭቃ ውስጥ ነው፤ ዝናብ በማያውቀው በዚያ ጠረፍ እንዲህ ያለ ዝናብ የሚመጣው የውቅያኖሱ ውሃ ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ በሚባለው ክስተት ጊዜ ነው። ከአጥንቶቹ ጋር ደግሞ አንገታቸው ላይ ገመድ ያለባቸው ራቁት ወንዶችን የሚያሳዩ፣ ከጥሬ ሸክላ የተሠሩ ምስሎች ተሰባብረው ተጥለው ነበር። ሰውየውና የሰውየው ምስል በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሥርዓት ተሰብረዋል። ሸክላው ለሞቼዎች ምን እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ግኝት አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሥዕሉን ቃል በቃል ማንበብ አይገባም። የጉጉቱ ሰው ክንፍ አልነበረውም፤ ሥዕሉ ካህኑን በሥርዓቱ ጊዜ የሚወክለውን አምላክ መልክ አልብሶ ያቀርበዋል ማለት ነው። ምርኮኞቹ እነማን ነበሩ የሚለውም አከራካሪ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለቱም ተጋጣሚዎች በአብዛኛው የሞቼን ልብስና መሣሪያ ስለያዙ አንዳንድ ሊቃውንት ውጊያው ለመሥዋዕት የሚሆን ሰው ለመምረጥ በራሳቸው መካከል የሚደረግ ሥርዓት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በጥርስ ቅርጽና በአጥንት ኬሚካላዊ ምርመራ ተመሥርተው፣ ቢያንስ የተወሰኑት ሟቾች ከሌላ ሸለቆ የመጡ ናቸው ብለው ይከራከራሉ። እኔ ሁለቱም በተለያየ ዘመን ሊሆኑ ይችሉ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሰባት መቶ ዓመት የቆየ ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ መልክ ይዞ ኖረ ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ሸክላን በሥርዓት መስበር የሞቼዎች ብቻ ልማድ አልነበረም። ከሞቼ ኋለኛ ዘመን ጀምሮ በአያኩቾ ተራሮች የገነኑት ዋሪዎች በትር የያዙ አማልክት የተሣሉባቸውን ግዙፍ ጋኖች ሆን ብለው ሰባብረው ይቀብሩ ነበር፤ ሁሊዮ ቴዮ የተባለው ታላቅ የፔሩ ተመራማሪ እንዲህ ያሉትን ስብርባሪዎች በ1927 በናስካ ሸለቆ በፓቼኮ፣ በ1942 ደግሞ በአያኩቾ አጠገብ በኮንቾፓታ አግኝቷል። በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ባለችው የፓሪቲ ደሴትም በ2004 የፊንላንድና የቦሊቪያ ተመራማሪዎች በጉድጓድ ውስጥ ተሰብረው የተቀበሩ፣ በሐይቁ ዙሪያ የነበረው የቲዋናኩ ጥንታዊ ሥልጣኔ የሠራቸውን እጅግ ያማሩ ዕቃዎች አውጥተዋል። ከእነዚህ ቦታዎች የሚገኘው ስብርባሪ ተገጣጥሞ ሙሉ ዕቃ መሆኑ ነው ዋናው ማስረጃ፤ ቆሻሻ ሆኖ ቢጣል ኖሮ ቁርጥራጩ በየቦታው ተበትኖ ይቀር ነበር።

ስለ ፊቶቹ ያለው መልስ አጠር ያለ ነው። ዶናን የሰው ፊት ያላቸውን ከ900 በላይ ጠርሙሶች አጥንቷል፤ አብዛኞቹ የወንዶች ናቸው፣ የተሠሩትም በደቡባዊው የሞቼ አገር በተወሰነ ዘመን ነው። ብዙዎቹ የተለየ ሰው መልክ መሆናቸው አያጠራጥርም። ከላይኛው ከንፈሩ ጠባሳ የተነሣ ባለሙያዎች ከንፈረ-ቁርጥ ብለው የሚጠሩት አንድ ሰው ከ40 ጊዜ በላይ ተሠርቷል፤ በአንዳንዶቹ ገና ልጅ ነው፣ በሌሎቹ ጎልምሷል፣ ጠባሳው ግን አብሮት ያድጋል። ዶናን እነዚህ ሰዎች ታላላቅ ተዋጊዎች እንደነበሩና ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በኋላ ገመድ በአንገታቸው ገብቶ በምርኮኛ መልክ እንደተሠሩ ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ከተረጋገጠ ያዩት ፊትና ያዩት ምርኮኛ የአንድ ዓይነት ሰው ሁለት ዘመን ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ሐሳቡን አሳማኝ ሆኖ ባገኘውም የፊት መመሳሰልን በዓይን መዝኖ ከመደምደም እቆጠባለሁ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ጠርሙሶች የአብዛኞቹ መቃብር አይታወቅም።

ይህ የመጨረሻው ነገር በእጅጉ የሚያሳዝነኝ ነው። በዓለም ሙዚየሞችና በግል ስብስቦች ያሉት የሞቼ ሸክላዎች በአብዛኛው በዘራፊዎች የወጡ ናቸው፤ ዘራፊው ጠርሙሱን ይዞ ሲሄድ አጥንቱን ይበትናል፣ ጨርቁን ይቀዳድዳል፣ ምን ከምን አጠገብ እንደነበረ ለዘለዓለም ያጠፋል። ከላይ የዘረዘርኩት ዕውቀት በሙሉ የቆመው በጥቂት ያልተነኩ መቃብሮች ላይ ነው፤ ሲፓን በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ጽዋውን የሚቀበለው ሰው ዛሬም ተረት ይባል ነበር። ከሲፓን ከተዘረፉት አንዱ ትልቅ የወርቅ የጀርባ መከላከያ በ1997 በአሜሪካ ሊሸጥ ሲል በፌዴራል መርማሪዎች ተይዞ በቀጣዩ ዓመት ወደ ፔሩ ተመልሷል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1990 ጀምሮ የሲፓን ዕቃዎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በ1997 ደግሞ ከፔሩ ጋር ባደረገው ስምምነት ክልከላውን ለሌሎች የፔሩ ቅርሶችም አስፍቶታል።

ስለዚህ ጠያቂው እንደገና ወደ ሙዚየሙ ቢሄዱ ከሸክላው ጎን የተለጠፈውን መግለጫ በጥንቃቄ እንዲያነቡ እመክራለሁ። የተገኘበት ቦታ፣ የቁፋሮው ዓመትና የመቃብሩ ቁጥር ከተጻፈ ዕቃው ስለ ራሱና ከጎኑ ስለነበረው ሰው ይናገራል። «ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ፔሩ» ብቻ ካለ ግን መቼና ከማን እንደተገዛ ሙዚየሙን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ ሙዚየሞች የግዢ መዝገብ አላቸው፣ ሲጠየቁም ይመልሳሉ። ዕቃው የቅርስን ሕገ ወጥ ዝውውር ከሚከለክለው ከ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት በኋላ ከአገሩ የወጣ መሆኑን የሚጠቁም መልስ ካገኙ ጉዳዩን ለፔሩ ኤምባሲ ማሳወቅ ይቻላል፤ የፔሩ የባህል ሚኒስቴር እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን የሚከታተል ክፍል አለው።